በቱሉ ዲምቱ የሚገኘው የመጻሕፍት ኪራይ ቤት፦ ሌሊቱን ነቅቶ ለሚያድር ሕመምተኛ የሚሰጠው አገልግሎት

በአዲስ አበባ ደቡብ ምሥራቅ ጫፍ፣ ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ ከሚጀምርበት ከቱሉ ዲምቱ ብዙም ሳይርቅ፣ በኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች መካከል፣ በልብስ ሰፊ ቤትና በወፍጮ ቤት መሐል የገባ አንድ ጠባብ የመጻሕፍት ቤት አለ። ከበሩ በላይ በእጅ የተጻፈው ጽሑፍ «መጻሕፍት ይሸጣሉ፣ ይከራያሉ» ከማለት በቀር ስለ ቤቱ የሚናገረው ነገር ስለሌለ፣ በዚያ የሚያልፍ ሰው ከተራ የጽሕፈት መሣሪያ መሸጫ ለይቶ ላያየው ይችላል። እኔ ግን በከተማችን ከማውቃቸው የንባብ አገልግሎቶች ሁሉ ለታመመ ሰው የሚበጀው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። የቤቱ ባለቤት መጽሐፍ የሚያከራዩት የመጽሐፉን ስም ብቻ ሰምተው አይደለም፤ የአንባቢውን አቅም፣ የሚያነብበትን ሰዓትና የሚተኛበትን ጎን ጭምር ጠይቀው ነው። አስተያየቴን በዝርዝር የምጽፈውም በሕመም ምክንያት እንቅልፍ አጥተው የሚያድሩ ሰዎችና አስታማሚዎቻቸው ይጠቀሙበት ዘንድ ነው።

ያመመኝ አልማዝ ባለጭራ ነበር። ስሙን የማያውቅ የለም፤ ሕመሙን ግን የደረሰበት ብቻ ያውቀዋል። ሐኪሜ እንዳስረዱኝ፣ በልጅነታችን ጉድፍ ያወጣብን ቫይረስ ቁስሉ ከዳነ በኋላም ከሰውነታችን አይወጣም፤ ከነርቮች ሥር ተደብቆ ለዓመታት ይቆይና ዕድሜ ሲገፋ ወይም የሰውነት መከላከያ ሲዳከም አንዱን ነርቭ ተከትሎ ወደ ቆዳ ይመለሳል። ሽፍታው በአንድ ጎን ብቻ፣ እንደ ተቆረጠ መቀነት ወገብን ወይም ደረትን እስከ ግማሽ ዞሮ የሚቆመው በዚህ ምክንያት ነው። ቁስሉ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ይደርቃል፤ የተጎዳው ነርቭ ግን በአንዳንድ ሰው ላይ ሽፍታው ከጠፋ በኋላ ለወራት፣ አልፎ አልፎም ከዚያ ለበለጠ ጊዜ ማቃጠሉን አይተውም። በእኔ ላይ የሆነውም ይህ ነው። ቀን ቀን ሰው ስለሚመጣና ስለሚጫወት ሕመሙ ይረሳል፤ ሌሊት ቤቱ ጸጥ ሲል፣ የነጠላ ጫፍ እንኳ ቆዳዬን ሲነካኝ እንደ አዲስ ይነሣል። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ጀምሮ ጎኑ ከሚነድ ሰው ጋር አብሮ የሚነቃ የለም፤ ሁሉም በማግሥቱ ሥራ አለበት።

ለእንዲህ ዓይነቱ ሌሊት የመጀመሪያው መሸሸጊያ ስልክ እንደሚሆን የታወቀ ነው። ነገር ግን የስልኩ ብርሃን ሰውነታችን ለእንቅልፍ እንዲዘጋጅ የሚያደርገውን ሜላቶኒን የተባለ ሆርሞን ያዘገያል፤ ከዚህም በላይ ስልክ የሚያመጣው ወሬ የታመመን ልብ የሚያሳርፍ አይደለም። የእንቅልፍ እጦትን የሚያክሙ ባለሙያዎች የሚሰጡት ምክር ከዚህ የተለየ ነው። 20 ደቂቃ ገደማ ተጋድሞ እንቅልፍ እንቢ ያለው ሰው በአልጋው ላይ ከመገላበጥ ይልቅ ተነሥቶ፣ ደብዘዝ ባለ ብርሃን፣ አእምሮን የማያጣድፍ ነገር እየሠራ እስኪያንቀላፋ ድረስ ይቆይ ይላሉ። መጽሐፍና ሥዕል የሚገቡት እዚህ ላይ ነው። ችግሩ መጽሐፉን ከየት ማግኘት እንደሚቻል ነው። አራት ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ለጤነኛ ሰው ድንቅ ቦታ ነው፤ በ1936 ዓ.ም. የተመሠረተው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ወመዘክርም እስከ ዛሬ ለተመራማሪ የማይተካ ነው፤ ይሁን እንጂ ጎኑን ልብስ ሲነካው የሚጮኽ ሰው ከቱሉ ዲምቱ ታክሲ እየቀያየረ፣ በሰው መሐል ተጨናንቆ አራት ኪሎ ሊደርስ አይችልም። በከተማው ዳር የምንኖር ሰዎች ቤት አገኘን እንጂ መጽሐፍ አብሮን አልመጣም።

ወደ መጻሕፍት ቤቱ መጀመሪያ የሄደችው ታናሽ እህቴ ነበረች። ለእኔ የሚሆን «ቀለል ያለ ልቦለድ» እንዲሰጧት ጠየቀቻቸው። ባለቤቱ ለረጅም ዘመን አማርኛ ያስተማሩና በጡረታ ላይ ያሉ ሰው ናቸው፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ጋሼ ይላቸዋል። ወዲያው መደርደሪያውን ከመፈለግ ይልቅ ወንበር ስበው አስቀመጧትና ይጠይቋት ጀመር። «በየትኛው ጎኗ ነው የምትተኛው? ቁጭ ብላ ታነባለች ወይስ ተጋድማ? ከሕመሟ በፊት ምን ታነብ ነበር? መብራት ስታበራ የሚነቃ ሕፃን ቤት ውስጥ አለ?» እህቴ ተመልሳ ይህን ስትነግረኝ የሐኪም ጥያቄ መሰለኝ። ቆይቶ ራሴ ስሄድም እንዲሁ ነው ያስተናገዱኝ። «ልጄ፣ ሌሊት የሚነበብ ቀን ከሚነበበው ይለያል፤ የወሰድሽው ካልሆነሽ አትታገዪው፣ መልሺውና ሌላ ውሰጂ» አሉኝ፤ ሳይጨርሱ በተመለሰ መጽሐፍም የኪራይ ገንዘብ አይቀበሉም።

የኪራዩ አሠራር ቀላል ነው። የመታወቂያ ቅጂና ለእያንዳንዱ መጽሐፍ 300 ብር መያዣ ይሰጣል፤ ኪራዩ በሳምንት 40 ብር ሲሆን፣ ለትልልቅ የሥዕል መጻሕፍት 80 ብር ይሆናል። በቴሌብር መክፈል ይቻላል። በሕንፃዎቹ ውስጥ ለሚኖር ሕመምተኛ ከሰዓት በኋላ የሚያደርስ አንድ ወጣት አላቸው፤ ለዚህ አገልግሎት የተለየ ክፍያ አይጠየቅም፣ ወጣቱ ደረጃ ወጥቶ ስለሚመጣ ግን ለእርሱ የሻይ መስጠት ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ። መዝገቡ በእጅ የሚጻፍ ትልቅ ደብተር ነው። በዚያ ደብተር ላይ ከስሜ ትይዩ ጋሼ በቀይ እስክሪብቶ «ሌሊት፣ በቀኝ ጎን፣ ቀጭን ጥራዝ» ብለው ጽፈው አይቻለሁ።

«ቀጭን ጥራዝ» ያሉት ይህን ቤት ከሌሎች ሁሉ የሚለየው ነገር ስለሆነ በቅርብ ላስረዳ። የአማርኛ ታላላቅ ልቦለዶች ወፍራም ናቸው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ከአምስት መቶ ገጽ በላይ ነው፤ ጤነኛ ሰው ጠረጴዛ ላይ አስደግፎ ያነበዋል፣ በአንድ ጎኑ ብቻ ተጋድሞ በአንድ እጁ የሚይዝ ሰው ግን ከጥቂት ገጽ በኋላ ክንዱ ይዝላል፤ መጽሐፉ ቢወድቅበትም የሚወድቀው ቁስሉ ላይ ነው። ጋሼ ለዚህ መፍትሔ አበጅተዋል። ጀርባቸው የተሰበረና ለሽያጭ የማይሆኑ አሮጌ ቅጂዎችን ገዝተው፣ ምዕራፉ በሚያልቅበት ቦታ ከፋፍለው፣ እያንዳንዱን ክፍል ለብቻው በክር አሰፍተው በወፍራም ወረቀት ያስለብሱታል። እኔ የተዋስኩት ቅጂ በስድስት ቀጫጭን ጥራዝ የተከፈለ ነበር፤ እያንዳንዱ ከትምህርት ቤት ደብተር አይከብድም፣ ስፌቱ ላላ ተደርጎ ስለተሠራም ገጹ ተዘርግቶ ይቀመጣል፣ በአውራ ጣት መያዝ አያስፈልገውም። በየሽፋኑ የውስጥ ገጽ ላይ የባለታሪኮቹ ስምና ዝምድና በአጭሩ ተጽፏል፤ የሕመም መድኃኒት የወሰደ ሰው ማን የማን ልጅ እንደነበረ በአንድ ሌሊት ስለሚረሳ፣ ይህ ትንሽ ነገር ብዙ ጊዜ ረድቶኛል። እንዲህ ያለውን ሥራ አሳታሚዎቻችን ቢያስቡበት፣ ለአረጋውያንና ለሕሙማን የሚሆን ባለብዙ ጥራዝ እትም ማውጣት ከባድ አይሆንም ነበር።

ምን ዓይነት መጽሐፍ ለሌሊት ይሆናል በሚለው ላይ ከጋሼ ጋር በአብዛኛው ተስማምተናል። ልብ አንጠልጣይ ልቦለድ ለሕመምተኛ አይሆንም፤ ጊዜውን ይገፋል፣ ግን እንቅልፍ ሊመጣ ሲል ያባርረዋል። የተጣመመና ከባድ አረፍተ ነገር ያለበት የፍልስፍና መጽሐፍም ሕመሙ በተነሣ ቁጥር ከመጀመሪያው መስመር እንድጀምር ስለሚያስገድደኝ ተስፋ ያስቆርጠኛል። የሚሆነው በየትም ገጽ ቢከፈት የሚያስገባ፣ በየትም ቢዘጋ የማይቆጭ መጽሐፍ ነው፤ የሀገር ቤት ወጎች፣ የግለ ሕይወት ትረካዎች፣ የድሮ ተጓዦች ማስታወሻ፣ ከሁሉም በላይ ግጥም። ግጥም አጭር በመሆኑ ሕመሙ በሁለት ማዕበል መካከል በሚሰጠው ፋታ ውስጥ ይጠናቀቃል። አንድ ግጥም አንብቤ ስጨርስ፣ ከዚያ ሌሊት የተረፈኝ አንድ የተሟላ ነገር እንዳለ ይሰማኝ ነበር። ባልስማማበት ነገር ላይ ግን ሐሳቤን ልናገር፦ ጋሼ የሐዘን ታሪክ ለታመመ ሰው መስጠት አይወዱም፣ «ሌላ ሐዘን ምን ይጨምርልሻል» ይላሉ። እኔ በተቃራኒው በደስታ የተሞላ መጽሐፍ ሌሊት ላይ ሩቅ ሆኖብኛል፤ የሚያለቅስ ባለታሪክ ግን አጠገቤ እንደተቀመጠ ሰው ሆኖልኛል። አንባቢ በዚህ ላይ የራሱን ፍላጎት በግልጽ ቢነግራቸው ይሰሙታል።

ዓይን ደክሞ ማንበብ በማይቻልበት ሌሊት ደግሞ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከውን «ፍቅር እስከ መቃብር» እንዳዳምጥ የመከሩኝ እርሳቸው ናቸው። ትረካውን ብዙ ኢትዮጵያዊ በልጅነቱ ከቤተሰቡ ጋር ሰምቶታል፤ እኔም እናቴ ቡና እያፈላች ስታዳምጠው አስታውሳለሁ። ጋሼ የመከሩኝ ግን ትረካውን ብቻ እንዳላዳምጥ ነው። ሌሊት በጆሮ የሰማሁትን ምዕራፍ ቀን ላይ ከቀጭኑ ጥራዝ መልሼ እንዳነብ ነገሩኝ። ይህን በማድረጌ የወጋየሁ ድምፅ በወረቀቱ ላይ ካሉት ቃላት ጋር ተያይዞ ቀረ፤ ከዚያ በኋላ ጽሑፉን በዝምታ ሳነብ እንኳ በእርሱ ድምፅ ነው የምሰማው። ብቻውን ለሚያድር ሕመምተኛ በቤቱ ውስጥ የሰው ድምፅ መኖሩ ምን ማለት እንደሆነ ያደረበት ያውቀዋል።

ወደ ሥዕሉ ክፍል ልምጣ። ከበሩ በስተግራ፣ ከመስኮቱ ፀሐይ ርቆ በተሠራ መደርደሪያ ላይ የሥዕል መጻሕፍት፣ የዐውደ ርዕይ መግለጫ መጽሔቶች፣ የታላላቅ ሠዓሊዎቻችን ሥራዎች የታተሙባቸው አሮጌ የቀን መቁጠሪያዎችና በካርቶን ላይ የተለጠፉ የሥዕል ቅጂዎች አሉ። ቅጂዎቹ ለአንድ ወር ይከራያሉ፤ በአልጋው ፊት ለፊት ለመስቀል የሚሆን ክርም አብሮ ይሰጣል። መጀመሪያ ላይ ይህ ለእኔ ትርፍ ነገር መስሎኝ ነበር። ነገር ግን ማንበብ የማይቻልበት ሕመም አለ፤ ያን ጊዜ ፊደል ይበተናል፣ መስመር ይጠፋል። ሥዕል ግን ከተመልካቹ ቅደም ተከተል አይጠይቅም። ዓይን ከወደቀበት ይጀምራል፣ ሲደክም ያቆማል፣ ሲመለስም የተወው ነገር እዚያው ይጠብቀዋል።

ከሁሉም አብልጦ ያቆየኝ የብራና ጠልሰሞች ፎቶግራፍ የተሰበሰበበት ትልቅ መጽሐፍ ነው። ጽሑፉ በውጭ ቋንቋ ስለሆነ ብዙውን ያስረዱኝ ጋሼ ናቸው። በሀገራችን ሰሜናዊ ክፍል ደብተራዎች ለታመመ ሰው ከበግ ወይም ከፍየል ቆዳ የተሠራ ጠባብና ረጅም ብራና ያዘጋጁ ነበር፤ ርዝመቱ ብዙ ጊዜ የሚለካው በሕመምተኛው ቁመት ነው፣ ከራስ እስከ እግር እንዲጠብቀው። በጸሎቱ መሐል የሕመምተኛው የክርስትና ስም በቀይ ቀለም ይገባል። በጽሑፉ መካከል ደግሞ ሰይፍ የያዙ መላእክት፣ እርስ በርሳቸው የተጠላለፉ ሐረጎች፣ ከሁሉም በላይ ግን ዓይኖች ይሣላሉ፤ ከመሐል ካለ ፊት ወደ አራቱም ማዕዘን የሚያዩ ብዙ ዓይኖች። ወርዝልያ የተባለችውን ክፉ መንፈስ የሚያሳድደው የቅዱስ ሱስንዮስ ታሪክም በብዛት ይገኝባቸዋል። አንዳንዱ ብራና ተጠቅልሎ በቆዳ ማኅደር ውስጥ በአንገት ይንጠለጠላል፤ ሌላው ሕመምተኛው ተጋድሞ እንዲያየው በመኝታው ትይዩ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል።

ይህን የማነሣው ልማዱን ለመድኃኒትነት ለመምከር አይደለም፤ ቤተ ክርስቲያን እንደማትቀበለው አውቃለሁ፣ እኔም ክኒኔን ትቼ ጠልሰም አልያዝኩም። ያስገረመኝ ግን እነዚያ ሰዎች የታመመ ሰው ሌሊት ምን እንደሚያስፈልገው በትክክል ማወቃቸው ነው። ሕመምተኛው የሚያየው ነገር ያስፈልገዋል፤ የሚያየውም ነገር ለእርሱ ተብሎ፣ በእርሱ ቁመት ልክ፣ ስሙ ተጽፎበት የተሠራ መሆን አለበት። ነቅቶ የሚያድር ሰው ትልቁ ሕመሙ የሚያየው አለመኖሩ ነው፤ የጠልሰሙ ዓይኖች ግን ከግድግዳው ላይ ሳይከደኑ ያድራሉ። ገጹን ከመብራቱ ስር ዘርግቼ፣ ሐረጉ ከየት ተነሥቶ ከየት እንደሚገባ በጣቴ ስከተል፣ አንዱ መስመር በሌላው ሥር ሲያልፍ፣ ከዚያም በላይ ሲወጣ፣ ጎኔን የረሳሁባቸው ረጃጅም ጊዜያት ነበሩ። ዛሬ ሐኪሞች ሐሳብን ከሕመም ላይ ማንሣት የሕመምን ስሜት እንደሚቀንስ ይናገራሉ፤ ምክንያቱም አእምሮ ለሁለት ነገር በእኩል ትኩረት ሊሰጥ አይችልም። ደብተራዎቹ ይህን በሌላ ቋንቋ ያውቁት የነበረ ይመስለኛል።

ከዚህ መጽሐፍ ተነሥቼ ነው የሠዓሊ ዘሪሁን የትምጌታን ሥራዎች በአዲስ ዓይን ያየሁት። በቀርከሃ ስንጣሪ ላይ የሣላቸው ቀጫጭን፣ ጎን ለጎን የተደረደሩ ምስሎች ከብራናው ጋር ያላቸው ዝምድና ወዲያው ይታያል። ከተከራየኋቸው ቅጂዎች መካከል ደግሞ በግድግዳዬ ላይ የቆየው የእስክንድር ቦጎሲያን «የፍርሃትና የሐሴት የሌሊት በረራ» ነው። እስክንድር አዲስ አበባ ተወልዶ በለንደንና በፓሪስ የተማረ፣ በኋላም በዋሽንግተኑ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረ ሠዓሊ ሲሆን፣ ይህን ሥራ የሠራው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው፤ ዋናው ሥዕል ዛሬ በአሜሪካ በሰሜን ካሮላይና የሥነ ጥበብ ሙዚየም ይገኛል። በጨለማ መሐል የሚንሳፈፉት ክንፋም ፍጥረታት ለጤነኛ ሰው አስፈሪ ሊሆኑ ይችላሉ። ለእኔ ግን ሌሊትን ከነፍርሃቱ የሚያውቅ ሰው ሌሊቱ ውስጥ ሐሴትም እንዳለ መመስከሩ ነው ያጽናናኝ፤ ፍርሃቱን ደብቆ ሐሴቱን ብቻ ቢያሳየኝ ኖሮ አላምነውም ነበር። የቅጂው ኅትመት ከፍተኛ ጥራት ያለው ባይሆንም፣ በደብዛዛ ብርሃን ለማየት በቂ ነው።

የአፈወርቅ ተክሌ የአፍሪካ አዳራሽ የመስታወት ሥዕል ቅጂም አለ። ስለዚህ ግን ያን ያህል አልመሰክርም። በ1953 ዓ.ም. በተመረቀው አዳራሽ ውስጥ የሚገኘውና 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነው ይህ ሥራ ኃይሉን የሚያገኘው ከኋላው በሚያልፈው የፀሐይ ብርሃን ስለሆነ፣ በካርቶን ላይ ሲለጠፍ ግማሹ ይሞታል። በቅጂ ከማየት ይልቅ ከሕመም ተነሥቶ በአካል ለማየት ማቀድ ይሻላል።

አሁን ደግሞ የቤቱን ጉድለቶች ልንገራችሁ፤ ጥቂት አይደሉም። ወፍጮ ቤቱ አጠገብ ስለሆነ የዱቄት ብናኝ በመጻሕፍቱ ላይ ያርፋል፤ አስም ያለበት ሰው መጽሐፉን ከመክፈቱ በፊት በእርጥብ ጨርቅ ቢጠርገው መልካም ነው፣ ጋሼም ከመስጠታቸው በፊት ቢያስጠርጉት ከዚህ በላይ ያመሰግናቸዋል። በክረምት የተወሰኑ መጻሕፍት እርጥበት ነክቷቸው ይሸታሉ። ፎቶ ኮፒ የተደረጉ ጥቂት አሮጌ ጽሑፎች ደግሞ ፊደላቸው ስለደበዘዘ ለሌሊት ንባብ ፈጽሞ አይሆኑም፤ እነዚህን ከኪራይ ዝርዝር ቢያወጧቸው ይሻላል። መያዣ ገንዘብ ሲሰጥ ደረሰኝ አይቆረጥም፣ የሚጻፈው በደብተሩ ላይ ብቻ ነው። እምነት አጥቼ አይደለም፤ ነገር ግን ባለቤቱ በሌሉበት ቀን መያዣ ለመመለስ የሄደ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል። የሚያደርሰው ወጣትም ከመሸ ወይም ዝናብ ከጣለ አይመጣም፤ መንገዱ ስለሚጨቀይ አልፈርድበትም፣ ስለዚህ ለቅዳሜና ለእሑድ የሚሆነውን ዐርብ ቀን ማዘዝ ያስፈልጋል። የሥዕሉ መደርደሪያ ላይ ካሉት መጻሕፍት አብዛኞቹ በውጭ ቋንቋ የተጻፉ መሆናቸው ደግሞ ትልቁ ጉድለት ነው፤ ይህ ግን የቤቱ ብቻ ሳይሆን የሀገሩ ጉድለት ነው።

አስታማሚ ለሆኑ ሰዎች አንድ ሁለት ነገር ልጨምር። መብራት በሚጠፋበት ሌሊት ሕመምተኛው ያለ ንባብ እንዳይቀር በፀሐይ ኃይል የሚሞላ ትንሽ መብራት አስቀድሞ መግዛት ይጠቅማል፤ ሲገዛም ብርሃኑ ወደ ቢጫ የሚያደላው ይመረጥ፣ ነጩ ዓይን ይወጋል፣ እንቅልፍም ያርቃል። መጽሐፉን ከአልጋው ይልቅ ከአልጋው አጠገብ ባለ ወንበር ላይ ማስቀመጥም ሕመምተኛውን እንዲነሣ ያደርገዋል። ከሁሉ አስቀድሞ ግን፣ በአንድ ጎን ብቻ የሚያቃጥልና ውኃ የቋጠረ ሽፍታ ያየ ሰው ሳይውል ሳያድር ወደ ሕክምና ይሂድ፤ ቫይረሱን የሚያዳክሙት መድኃኒቶች የተሻለ የሚሠሩት ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመሩ ነው። ሽፍታው በዓይን አካባቢ ከሆነ ደግሞ ዓይንን ሊጎዳ ስለሚችል አንድ ቀንም ማሳለፍ አይገባም። ከዚያ በኋላ ለሚቀረው የነርቭ ሕመምም የሚታዘዙ መድኃኒቶች አሉ። የጋሼ መጻሕፍት የሚያግዙት ሐኪሙ የድርሻውን ከሠራ በኋላ በሚቀረው ረጅም ሌሊት ላይ ነው።

ቤቱ ከማክሰኞ እስከ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ክፍት ሲሆን፣ ሰኞ ዝግ ነው። መጀመሪያ ሲሄዱ ሕመምተኛው ራሱ ባይችል እንኳ ስለ እርሱ በደንብ የሚያውቅ ሰው ቢሄድ ይመረጣል፤ ጥያቄው ብዙ ነው። ጋሼ አሁን እያሰባሰቡ ያሉት ባለፉት ዓመታት በአዲስ አበባ በተካሄዱ የሥዕል ዐውደ ርዕዮች ላይ የታተሙ መግለጫ መጽሔቶችን ነው፤ እነዚህ በጥቂት ቅጂ ታትመው፣ ከዐውደ ርዕዩ መዝጊያ በኋላ በየሰው ቤት ሣጥን ውስጥ የሚቀሩ፣ ነገር ግን በአማርኛ ስለ ሥዕሎቻችን የተጻፈውን ብዙ ነገር የያዙ ናቸው። እነዚህ መጽሔቶች በቤቱ ያሉት ሰው በስጦታም ሆነ በሽያጭ ቢያመጣላቸው ይቀበላሉ፤ የተቀደደም ቢሆን አሰፍተው በቀጭን ጥራዝ ለሕመምተኛ ያውሉታል።